የአሜሪካ ሴኔት የአንድ ቀን ውሎ

በአገራችን የገጠር ሸንጎ፥ ሽማግሎች ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር በሚሰሙበት ጊዜ፥ የተናጋሪን ቃል ከመካከል መቍረጥ እንደ ነውር ይቈጠራል። ከሳሽም ተከሳሽም በልቡ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ይሰማል፤ ይህም መልካም ሥርዐት ነው። ዳሩ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ነገሩ እንዳይቈረጥ ሲል ብቻ፥ ከጧት እስከ ማታ ከማታም እስከ ጧት ቢናገር፥ እርሱ ሲደክመው ወንድሙ ቢተካው፥ ወንድሙም ሲደክመው የአጎቱ ልጅ ቢተካው፥ ሸንጎው ምን ማድረግ ይገባዋል? ዝም በል ቢሉት ሥርዐቱን ማፍረስ ነው፤ ታግሠው ቢሰሙት ደግሞ ባለ ጉዳዩ ፍርድ ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ ጥያቄ የመንደር ሸንጎ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ላይኛ ምክር ቤት ለብዙ ዘመን ሲያስጨንቅ ኖሮ፥ ረቡዕ ሰኔ 3 ቀን 1956 ዓ.ም.፥ ማለት በፈረንጆች አቈጣጠር ጁን 10 ቀን 1964፥ በአንድ ጧት መልስ አገኘ። የዚያን ቀን ውሎ ለመምህራንና ለሽማግሎች ከዚህ በታች እንተርካለን። ከእንግዲህ ወዲያ የምንጽፈው ዓመት፥ የእኛ ነው ብለን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የምክር ቤቱን አቋም ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ አውጪ ሸንጎ ኮንግረስ ይባላል፤ ሁለትም ቤት አለው። የታችኛው የእንደራሴዎች ምክር ቤት ነው፤ በዚህ ቤት ብዙ ሕዝብ ያለው ክፍለ ግዛት ብዙ እንደራሴ፥ ጥቂት ሕዝብ ያለውም ጥቂት እንደራሴ ይልካል። የላይኛው ሴኔት የሚባለው ነው። በሴኔት ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት፥ ትልቅም ቢሆን ትንሽም ቢሆን፥ ሁለት ሰው ብቻ ይልካል፤ ክፍለ ግዛቶቹ 50 ስለ ሆኑ ሴናተሮቹ 100 ናቸው። ይህ ድልድል የተወሰነው በ1787 በፊላዴልፊያ ከተማ ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ነው፤ ታናናሾቹ ግዛቶች በታላላቆቹ እንዳይዋጡ ፈርተው ነበርና። ሴናተር የሚመረጠው ለ6 ዓመት ነው። ቀድሞ የሚመርጧቸው የየግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ከ1913 ወዲህ ግን ሕዝቡ ራሱ ይመርጣቸዋል።

በአገራችንም በእኛ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. በታወጀው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቁመው ነበር። የላይኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፥ የታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባል ነበር። የሕግ መወሰኛው አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መርጠው የሚሾሟቸው ነበሩ እንጂ ሕዝብ የላካቸው አልነበሩም። ስለዚህ ሽማግሎች ሴኔት የሚለውን ስም በሰሙ ጊዜ ያን የጥንቱን ምክር ቤት ቢያስቡ፥ ስማቸው ቢቀራረብም አሿሿማቸው የተለያየ መሆኑን መምህሩ ያስረዳቸው።

በሴኔት ሥርዐት ለመናገር የተነሣ አባል እስኪበቃው ድረስ ይናገራል። ከእግሩ ሳይቀመጥና ከነገር ሳያቋርጥ እስከ ቆየ ድረስ፥ ሌላው ሁሉ ቢሰለች እንኳ የሚያስቆመው የለም። ይህ ሥርዐት የተወደደው ጥቂቶች በብዙዎች ጩኸት ሳይታፈኑ ምክንያታቸውን እንዲያሰሙ ነው። ነገር ግን በዚያው መንገድ ንግግርን እያራዘሙ ውሳኔን ማገድ እንደሚቻል ቶሎ ታወቀ። አሜሪካኖች ይህን ብልሃት ፊሊበስተር ይሉታል። የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ በ1957 ብቻቸውን 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆመው ተናግረዋል። በ1922 ጥቁር ሰዎችን ያለ ዳኛና ያለ ፍርድ በመንጋ እየያዙ መስቀልን የሚከለክል ሕግ በታችኛው ቤት ካለፈ በኋላ በሴኔት የሞተው በዚህ ብልሃት ነው፤ በ1938ም እንደዚሁ ሆነ። ሕጉ መጥፎ ነው ተብሎ ድምፅ ተሰጥቶበት ቢወድቅ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ ግን ድምፅ ሳይሰጥበት በወሬ ብዛት ተቀበረ።

ክርክር የሚዘጋበት አንድ በር ግን ነበር። በ1917 በወጣው ደንብ፥ ቢያንስ 16 ሴናተሮች ክርክሩ ይዘጋ ብለው በፊርማቸው ከጠየቁ፥ ከአንድ ቀን በኋላ ጉባኤው በተከፈተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ ከሚሰጡት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ ከፈቀዱ፥ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሴናተር ከአንድ ሰዓት የበለጠ እንዲናገር አይፈቀድለትም። መምህሩ ይህን ለልጆች ሊያሳይ ቢወድ መቶ የባቄላ ፍሬ ይቍጠርና በሦስት እጅ ይክፈለው። እኩል አይደርስም፤ ሁለቱ እጅ 66 ሆኖ ትርፍ ይኖረዋልና፥ መቶው ሁሉ በተገኙበት ቀን 67 ድምፅ ግድ ነው። ለሕጉ ለራሱ ከግማሽ በላይ፥ ማለት 51 ይበቃ ነበር። እንግዲህ ሕጉን ከማጽደቅ ይልቅ ንግግሩን መዝጋት ይከብድ ነበር ማለት ነው። ደንቡ ከወጣ እስከ 1964 ድረስ፥ የጥቁር ሰዎችን መብት በሚመለከት ጉዳይ ይህ ቍጥር አንድ ጊዜ እንኳ አልተገኘም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ምን እንደ ተከራከሩ እንናገር። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። በ1868 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል እንዲጠበቅ፥ በ1870ም በቀለሙ ምክንያት ማንም የመምረጥ መብቱን እንዳያጣ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ነበር። ዳሩ ግን የተጻፈው ሌላ፥ የሚሠራው ሌላ ሆነ። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰው ከነጭ ጋራ በአንድ ገበታ አይቀርብም፥ በአንድ ሆቴል አያድርም፥ ልጁም በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። ከአንድ መደብር ገብቶ ጨርቅና ሳሙና ሲገዛ ገንዘቡን ይቀበሉታል፤ በዚያው መደብር ካለው የምሳ ገበታ ቢቀመጥ ግን ያስነሡታል። በሚሲሲፒ ግዛት ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁር ሰዎች መካከል፥ በ1964 መጀመሪያ በመራጮች መዝገብ የተጻፉት ከመቶ 7 አይሞሉም ነበር። በሴኔትም ከ1881 ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ አንድም ጥቁር ሰው አልተቀመጠም። እንግዲህ ስለ እነርሱ 57 ቀን ሲነገር፥ ከመቶው ወንበር በአንዱም ላይ ከእነርሱ ወገን የሆነ ሰው አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጁን 1963 ይህን መለያየት የሚከለክል የሕግ ረቂቅ ለኮንግረስ ላኩ። እርሳቸው በኖቬምበር 22 ቀን በዚያው ዓመት ተገደሉ፤ ሥልጣኑን የተረከቡት ሊንደን ጆንሰን ግን፥ የደቡብ ሰው ሳሉ፥ ረቂቁን አጥብቀው ያዙት። የታችኛው ምክር ቤት በፌብሩወሪ 10 ቀን 1964 በ290 ድምፅ አሳለፈው፤ የተቃወሙት 130 ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ሴኔት መጣ።

በሴኔት የሕግ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ነበሩ። ረቂቁ በእጃቸው ቢገባ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር፥ የብዙኃኑ ወገን መሪ የሞንታናው ማይክ ማንስፊልድ ወደ ኮሚቴ ሳይመሩት በቀጥታ ለጉባኤው እንዲቀርብ አደረጉ። ክርክሩ የተጀመረው በማርች 9 ቀን ነው። ረቂቁ ይነሣ ወይስ አይነሣ በሚለው ብቻ እስከ ማርች 26 ድረስ ተነገረ፤ በፍሬ ነገሩ ገና አልተገባም ነበር።

የተቃዋሚዎቹ አለቃ የጆርጂያው ሪቻርድ ራስል ነበሩ። የምክር ቤቱን ደንብ እንደ እርሳቸው ያጠና ሰው ጥቂት ነበር። ባልደረቦቻቸውን ስድስት ስድስት አድርገው በሦስት ጭፍራ ከፈሏቸው፤ አንዱ ጭፍራ ሲናገር ሁለቱ ያርፋሉ። ከዚህም የባሰ ብልሃት ነበራቸው። በሴኔት ጉባኤ ሙሉ የሚባለው 51 ሰው ሲገኝ ነው። ተቃዋሚው በፈለገው ሰዓት ጉባኤው አልሞላም ብሎ ስም እንዲጠራ ያስገድዳል፤ 51 ካልተገኘ ጉባኤው ይበተናል፥ ተናጋሪዎቹም ዕረፍት ያገኛሉ። ስለዚህ ለማገድ ሁለት ሦስት ሰው ሲበቃ፥ ለመግፋት ግን 51 ሰው ሌትና ቀን ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት። ረቂቁን የሚመሩት የሚኒሶታው ሁበርት ሃምፍሪ ለዚሁ ሲሉ እንደ ዘብ ጥበቃ ተራ አወጡ፤ ማን በየትኛው ቀን ከከተማ እንደማይወጣ በወረቀት ተጽፎ ይታደል ነበር። ነገር ማርዘም ከነገር ማሳጠር ይልቅ ርካሽ መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል።

በዚያን ጊዜ የዴሞክራት ወገን ሴናተሮች 67፥ የሪፐብሊካን ወገን 33 ነበሩ። 67 የተፈለገው ቍጥር ልክ ነው፤ ግን የደቡብ ሰዎችም ዴሞክራቶች ስለ ነበሩ ወገኑ ለሁለት የተከፈለ ነበር። እንግዲህ ያለ ሪፐብሊካኖች ምንም ማድረግ አይቻልም። የእነርሱ መሪ የኢሊኖዩ ኤቨሬት ደርክሰን ነበሩ። ሃምፍሪ በየአጋጣሚው ሰውየውን ያመሰግኗቸው፥ ክብሩንም ለእርሳቸው ይተዉላቸው ነበር፤ በደርክሰን ቢሮ ብዙ ሳምንት ተቀምጠው ረቂቁን ቃል በቃል እያረሙ ብዙ ሪፐብሊካኖች ሊቀበሉት የሚችሉት አደረጉት። ክርክሩ ይዘጋ የሚለው ጥያቄ ሰኞ ጁን 8 ቀን ቀረበ። ደንቡ እንደሚያዘው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ረቡዕ ሆነ።

ማክሰኞ ማታ በ1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ ረቂቁን በመቃወም ተነሡ። ሌሊቱን ሁሉ ተናገሩ። ረቡዕ ጧት በ3 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ሲቀመጡ 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ተናግረው ነበር። ያ ቀን ረቂቁ ሴኔትን ከያዘ 57ኛው የሥራ ቀን ነው፤ ስድስት ቅዳሜ እንኳ ተሠርቶበታል። እኒህ ሰው ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 2010 ድረስ በሴኔት ተቀምጠዋል፤ በስተርጅናቸውም ያን ሕግ መቃወማቸው ስሕተት እንደ ነበረ በአደባባይ ተናግረዋል።

በ4 ሰዓት ጉባኤው እንደገና ተከፈተ። በሰገነቱ ያለው የተመልካች ወንበር ሁሉ ሞልቷል፤ በደጅ መቶ መቶ ሰው ተሰልፎ ይጠባበቅ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት እንደራሴዎችና የቀድሞ ሴናተሮች ሳይቀሩ መቀመጫ አጥተው፥ 150 ያህል ሰዎች ከአዳራሹ ኋላ እየተገፋፉ ቆሙ። የቀረችው አንዲት ሰዓት ለሁለቱ ወገን እኩል ተከፈለች።

በተቃዋሚዎቹ በኩል የመጨረሻውን ቃል የተናገሩት ራስል ናቸው። ሰውየው ተሳዳቢ አልነበሩም፤ ክርክራቸውም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ያለው ሥልጣን፥ ክፍለ ግዛቶችም ራሳቸውን የማስተዳደር መብታቸው በዚህ ሕግ ይነካል ይሉ ነበር። ደግሞም ዛሬ የእኛን አፍ የዘጋ ደንብ ነገ የሌላውን ይዘጋል የሚለው ፍርሃት በብዙ ሴናተሮች ልብ ነበረ። ይህ ሐሳብ በታናሽ ግዛት ሰው አፍ ሲነገር ክብደት አለው። ነገር ግን ጥቂቶች ይሰሙ የሚለው ክርክር ሚሊዮኖችን ላለማሰማት ሲውል፥ ምርኵዙ የሚደግፈውን ትቶ የሚመታ ዱላ ሆኗል ማለት ነው። ራስል በዚያ ወንበር የቆሙት የጆርጂያን ሕዝብ ወክለው ነው፤ ከዚያ ሕዝብ መካከል ግን ብዙው ጥቁር ሰው ራስልን ለመምረጥም ላለመምረጥም ዕድል አላገኘም ነበር። ይህን ጕድለት የቱንም ያህል የሕግ ዕውቀት አይሞላውም።

በመጨረሻ ደርክሰን ተነሡ። ከአብርሃም ሊንከን አገር ከኢሊኖይ የመጡ ናቸውና፥ ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ከታጩ ልክ መቶ ዓመት መሙላቱን አስታወሱ። በመንግሥት፥ በትምህርትና በሥራ እኩል ዕድል የሚገኝበት ጊዜ መድረሱን፥ ይህንም ማንም ሊያግደው እንደማይችል ተናግረው ተቀመጡ።

5 ሰዓት ሆነ፤ ጸሐፊው ስም መጥራት ጀመረ። በሴኔት እጅ ማውጣት ወይም ወረቀት መጣል የለም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱ ስሙ በፊደል ተራ ሲጠራ በገዛ ድምፁ አዎን ወይም አይደለም ይላል። ጥሪው በቬርሞንቱ በጆርጅ ኤይከን ተጀምሮ ወደ ታች ወረደ።

ጸሐፊው ኢንግል ብሎ ሲጠራ መልስ አልመጣም። የካሊፎርኒያው ክሌር ኢንግል በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ በቅሎባቸው ለሞት የደረሱ ሰው ነበሩ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ አዳራሹ አምጥተዋቸዋል፥ አንደበታቸው ግን ተይዟል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኢንግል የደከመ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡና ወደ ዓይናቸው አመለከቱ። ይህን ለመረዳት ቋንቋቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ድምፅ ሲሰጥ እስማማለሁ የሚባልበት ቃል አይ ነው፤ ዓይንም በዚሁ ድምፅ አይ ይባላል። በእኛ ዘንድ አይ እምቢታ ሲሆን በእነርሱ ሸንጎ ፈቃድ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ጸሐፊው ምልክቱን አይቶ፥ ኢንግል ፈቅደዋል ብሎ መዘገበ። ያን ጧት በዚያ የነበሩ ሰዎች ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ይህን ያለ ድምፅ የተሰጠ ድምፅ አልረሱትም። 14 ሰዓት የተናገረ ሰው ድምፅና አንዲት ቃል መናገር ያልቻለ ሰው ድምፅ በመዝገቡ ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ተቈጠሩ።

ጥሪው ወደ ፊደሉ መጨረሻ ሲቃረብ የዴላዌሩ ጆን ዊልያምስ አዎን አሉ። እርሱ 67ኛው ነበር። ማንስፊልድ አለቀ ብለው ተናገሩ፤ ራስል በወንበራቸው ላይ ደከም ብለው ተደገፉ፤ የሃምፍሪ ፊት በራ።

በስም ጥሪው ጊዜ ከአዳራሹ አጠገብ ባለችው ክፍል ሆነው የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአሪዞናው ካርል ሄይደን ናቸው፥ ዕድሜያቸው 86። ታናሽ ግዛት ከታላላቆቹ የሚድነው በረጅም ንግግር ነው ብለው ስለሚያምኑ፥ ክርክር ይዘጋ ለሚል ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሁሉ ፈቅደው አያውቁም። ሆኖም ድምፃቸው የግድ የሚያስፈልግ ቢሆን እንደሚሰጡ ቃል ገብተው ነበር። 67 መሙላቱ ከተነገራቸው በኋላ ወጥተው እንደ ልማዳቸው አይደለም አሉ። አንዳንዱ ይህን ፈሪነት ይለዋል፤ እኔ ግን ለአሳቡም ለቃል ኪዳኑም ታማኝ ለመሆን የተጨነቀ ሽማግሌ ይታየኛል።

ጠቅላላው ድምፅ 71 በ29 ሆነ። ከፈቀዱት 44ቱ ዴሞክራቶች፥ 27ቱ ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ ካልፈቀዱት 23ቱ ዴሞክራቶች፥ 6ቱ ሪፐብሊካኖች ናቸው። ከሁለቱም ወገን በሁለቱም በኩል ሰው መኖሩን አንባቢ ልብ ይበል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በጁን 19 ቀን ሴኔት ሕጉን በ73 ድምፅ አጸደቀው፤ 27 ተቃወሙ። በጁላይ 2 ቀን የታችኛው ምክር ቤት የሴኔትን እርማት ተቀበለ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰንም በዚያው ቀን ፈረሙ። ኢንግል በጁላይ 30 ቀን ዐረፉ። የሴኔትም ደንብ እንደዚያው አልቀረም፤ በ1975 ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገው ድምፅ ከመላው አባል ከአምስት እጅ ሦስቱ እጅ፥ ማለት 60 እንዲሆን ተለወጠ።

ራስል ግን ከተሸነፉ በኋላ ምን አደረጉ? ሕጉ ከተፈረመ በኋላ በዚያው ክረምት ለጆርጂያ ሕዝብ ሲናገሩ፥ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ተዋጉት አልካዱም፤ አሁን ግን የአገሪቱ ሕግ ሆኗልና ታዘዙት፥ ሁከትም አታንሡ ብለው መከሯቸው።